በግዢው ቀን ገራም፣ በሦስተኛው ሳምንት ደንባራ፦ የአንድ የመጀመሪያ ፈረስ ግዢ የጉዳይ ጥናት

ፈረሱ በተገዛ በ19ኛው ቀን፣ ደንገላሳ (ከሶምሶማ የሚፈጥነውን ሩጫ) ገና እንደ ጀመረ፣ አንገቱን ደፍቶ ጀርባውን አጎበጠና ሁለት ጊዜ ዘለለ። ጋላቢዋ በግራ ትከሻው በኩል ወደቀች። አጥንት አልተሰበረም፤ ግን በማግስቱ ፈረሱን ለመመለስ ለሻጩ ደወለች።

«ጋሼ፣ ይሄ እርስዎ ጋ ያየሁት ፈረስ አይደለም።»

«ልጄ፣ እኔ ዘንድ አንድ ቀን እንኳ ሰው ጥሎ አያውቅም» አሉ ሻጩ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ጉዳዩን ልንመረምረው የወደድነውም በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያ ፈረስ ግዢ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ «ሻጩ አታለለ» ወይም «ፈረሱ ክፉ ነው» ተብሎ ይዘጋል። እዚህ ግን አታላይም ክፉ ፈረስም አልነበረም። ፈረሱ አዲስ ቤት ሲገባ የለመደው ሥራ፣ መኖ፣ ኮርቻና ጓደኛ ከኋላው ቀርተው ነበር።

ገዢዋና ፈረሱ

ገዢዋ 34 ዓመቷ ነው። ለ14 ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ ከአሠልጣኝ ጋር ስትጋልብ ቆይታለች። በእርምጃና በሶምሶማ ራሷን ችላለች፤ በደንገላሳ ግን ሚዛኗን ገና እየፈለገች ነበር። ክብደቷ 68 ኪሎ፣ የኮርቻዋ ደግሞ 9 ኪሎ ነው።

ፈረሱ ዳማ፣ ማለትም ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ የተኮላሸ። ሻጩ «ስምንት ዓመቱ ነው» ብለው ነበር። ክብደቱ በሜትር ተለክቶ ተሰልቷል፦ ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱ ዙሪያ 176 ሳንቲ ሜትር፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ያለው ርዝመት 165 ሳንቲ ሜትር። የዙሪያው ልኬት በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ በርዝመቱ ተባዝቶ ለ11,880 ሲካፈል 430 ኪሎ ይሰጣል። ጋላቢዋና ኮርቻዋ በድምሩ 77 ኪሎ በመሆናቸው ከፈረሱ ክብደት 18 በመቶ ገደማ ናቸው። ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም በሚለው የተለመደ ወሰን ውስጥ ነው፤ ግን ብዙ ትርፍ የለውም። ትርፍ የሌለው ሸክም ደግሞ ኮርቻው በትክክል እንዲቀመጥ ግድ ይላል። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በሻጩ ዘንድ ፈረሱ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል እንግዶችን እያዞረ ይሠራ ነበር፤ ሁልጊዜ ከአራትና ከአምስት ፈረሶች ጋር በሰልፍ። ከሥራ ሲመለስ መስክ ላይ ይለቀቃል፣ ሌሊቱንም እዚያው ይግጣል። የሚሰጠው እህል በቀን 1 ኪሎ ብቻ ነበር።

ግዢው

ገዢዋ ከብዙ ጀማሪዎች የተሻለ ጥንቃቄ አድርጋለች፤ ይህ መነገር አለበት። ሁለት ጊዜ ሄዳ አይታዋለች። መጀመሪያ ሻጩ እንዲጋልቡት ጠይቃ፣ ከዚያ አሠልጣኟ፣ በመጨረሻ እሷ ጋልባዋለች። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ባለቤቱ ሊወጣበት የማይፈልገው ፈረስ ላይ ገዢ ቀድሞ መውጣት የለበትም።

የእንስሳት ሐኪምም ቀጥራለች። ሐኪሙ ልቡን በዕረፍትና ከሩጫ በኋላ አዳመጠ፣ ዓይኑን በጨለማ ክፍል በመብራት አየ፣ በጠንካራ መሬት ላይ በቀጥታ፣ ከዚያም በክብ ሶምሶማ አስሮጠው። ማንከስ የሚለየው በሶምሶማ ነው፤ የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ያነሣል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ራሱን ይደፋል። ዳማው ራሱን ሳያወዛውዝ ሮጠ። እያንዳንዱ እግር ለ60 ሴኮንድ ታጥፎ ተይዞ ወዲያው ሲለቀቅም አላነከሰም። ደም ተቀድቶ የሕመም ማስታገሻና ማደንዘዣ እንዳለበት ተመረመረ፤ ንጹሕ ነበር። ይህ የደም ምርመራ ኋላ ላይ ትልቅ ውለታ ዋለ። ፈረሱ ጋላቢዋን በጣለ ማግስት የመጣው የመጀመሪያ ጥርጣሬ «መድኃኒት ወግተው ሸጡልኝ» የሚል ነበርና፣ ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ሙግት ይሆን ነበር።

ታዲያ ምን ጎደለ? ሁለቱም ጉብኝቶች ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበሩ። በሁለቱም ቀን ፈረሱ ከጠዋት ሥራ መመለሱ ነበር። ገዢዋ በመጀመሪያው ቀን ያነሣችው ፎቶግራፍ ላይ ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ የሆዱ ጠፍር በሚያልፍበት መስመር፣ ጸጉሩ ተጣብቆ በላዩ ላይ የደረቀ ላብ ነጭ ጨው ይታያል። ፈረሱ ሁለት ሰዓት ሠርቶ፣ ላቡ ደርቆ፣ ቆሞ ነበር። ማንም አልደበቀውም፤ ማንም አልጠየቀም። «ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው» ተብሎ የተሞከረው የደከመ ፈረስ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ

ፈረሱ እንደ መጣ ከሌሎች ተለይቶ ጋጥ ውስጥ ገባ። መለየቱ ትክክል ነው፤ አዲስ ፈረስ በመንጋጋው ሥር እብጠትና መግል የሚያመጣውን ተላላፊ የጉሮሮ በሽታ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆያል፣ የውኃ ባልዲውም ለብቻው ይሆናል። ስሕተቱ ጋጡ ግድግዳ ብቻ የሚያሳይ መሆኑ ነው። በሽታ የሚሻገረው አፍንጫ ለአፍንጫ በመነካካትና በጋራ ዕቃ ነው፤ ሌሎች ፈረሶችን ከሩቅ ማየት አይከለከልም። የመንጋ እንስሳ ለ19 ቀናት ብቻውን ቆመ።

መኖው ተገለበጠ። ገዢዋ ከፍቅር የተነሣ «ከስቷል» ብላ በቀን 4 ኪሎ የተከካ ገብስ በሁለት ጊዜ፣ ድርቆሽ ደግሞ 5 ኪሎ ትሰጠው ጀመር። ሥራው በሳምንት ከ18 ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ከሩብ ወረደ፤ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ።

በመጀመሪያው ሳምንት ፈረሱ ዝም አለ፤ ይህን ዝምታ ገዢዋ እንደ መረጋጋት ቆጠረችው። አዲስ ቦታ የገባ ፈረስ መጀመሪያ ላይ ተጨምድዶ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው፤ እውነተኛ ጠባዩ ቀስ ብሎ ይወጣል። በሁለተኛው ሳምንት ጠፍሩ ሲጠብቅ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ ክንዷን ሊነክስ ሞከረ። «መናከስ ጀመረ» ብላ በጥፊ መለሰችለት። በሦስተኛው ሳምንት በበራፉ ላይ በተንጠለጠለ ላስቲክ ደነበረ፣ ለማስቆም ዛቡ ሲሳብ ራሱን ወደ ላይ ወረወረ፣ በ19ኛው ቀን ጣላት።

ንክሻው ማስጠንቀቂያ ነበር። ለአሥር ቀን ያህል «ያመኛል» ሲል የቆየው ፈረስ በመጨረሻ በጀርባው ተናገረ።

ምርመራው

ከጠባይ በፊት ሰውነት ይታያል። በዕረፍት ላይ ሳለ ሙቀቱ 37.8 ዲግሪ፣ ልቡ በደቂቃ 36 ምት፣ ትንፋሹ 12 ነበር። ጤናማው ወሰን ለሙቀት ከ37.2 እስከ 38.3፣ ለልብ ከ28 እስከ 44፣ ለትንፋሽ ከ8 እስከ 16 በመሆኑ ትኩሳትም ሆነ የሚያስደነግጥ ሕመም የለም። ሰኮናዎቹ አልሞቁም፣ ከሰኮናው በላይ ከኋላ በኩል የሚዳሰሰው የደም ሥር ምትም አልበረታም። ይህ የታየው ብዙ እህል የበላ ፈረስ ሰኮናው ውስጥ ያለው ሕያው ሥጋ ሊቆጣ ስለሚችል ነው፤ ያ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ከጠባይ አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆን ነበር።

ቀጥሎ ጀርባው። ሐኪሙ በጣቶቹ ጫፍ፣ ከጫንቃው (አንገቱና ጀርባው ከሚገናኙበት ጉብታ) ጀምሮ ወደ ኋላ፣ በአከርካሪው ግራና ቀኝ በእኩል ጫና እየዳበሰ ሄደ። በቀኝ ቆዳው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ አለፈ። በግራ፣ ከጫንቃው ኋላ አንድ መዳፍ ያህል ርቀት ላይ፣ ፈረሱ ወገቡን ሰብሮ ወደ ታች ሸሸ። እዚያው አጠገብ ሳንቲም የምታህል ነጭ ጸጉር አለች። ዳማ ላይ ለዓይን ታምራለች፤ በግዢው ቀን ገዢዋም «ምልክት አላት» ብላ ወድዳት ነበር። ከልደት ጀምሮ ያለ ነጭ ምልክት ግን በኮርቻ ሥር እንዲህ ነጠላ ሆኖ ማየት ብርቅ ነው። ኮርቻ ቆዳን ለረጅም ጊዜ ሲጫን የጸጉሩ ሥር ቀለሙን ያጣና ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ስለዚህ ይህች ነጥብ የድሮ ኮርቻ ታሪክ ናት፦ ፈረሱ እዚህ ቦታ ላይ ከዚህ በፊት ተጎድቶ ያውቃል፣ ሻጩ የሚስማማ ኮርቻ አግኝተውለት ድኗል፣ ያ ኮርቻ ግን ከፈረሱ ጋር አልተሸጠም።

አዲሱ ኮርቻ ተጭኖ ጋላቢዋ ስትቀመጥበት በፊተኛው ቅስትና በጫንቃው መካከል አንድ ጣት እንኳ በጭንቅ ገባ። ሰው ተቀምጦበትም ቢሆን ሁለት ወይም ሦስት ጣት ማስገባት ነበረበት። ማረጋገጫው የላቡ ካርታ ነበር። ፈረሱ ያለ ጋላቢ 20 ደቂቃ ከተመላለሰ በኋላ ኮርቻው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ። ጀርባው ረጥቧል፤ ከሁለቱ ትከሻ አጥንቶች ኋላ ግን እንቁላል የሚያህሉ ሁለት ደረቅ ቦታዎች ቀሩ፣ የግራው ይሰፋል። በረጠበ ጀርባ መካከል ደረቅ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ጫናው ከመጠን በላይ ሆኖ ላብ አላወጣም ማለት ነው። የኮርቻው አጽም፣ ማለትም የውስጡ ጠንካራ ማዕቀፍ፣ ለዚህ ፈረስ ጠባብ ነበር። በእርምጃ ይችለዋል፤ በደንገላሳ ግን ትከሻው ወደ ኋላ ሲመጣ አጽሙ ይቆነጥጠዋል። የዘለለው ደንገላሳ ሲጀምር የሆነውም ለዚህ ነው።

ከጀርባ ወደ አፍ። የፈረስ የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ፣ በማኘክ ብዛት የላይኞቹ የመንጋጋ ጥርሶች ውጫዊ ጠርዝ፣ የታችኞቹ ደግሞ ውስጣዊ ጠርዝ ይሾላል። እዚህም የላይኛው ጠርዝ ጉንጩን ከውስጥ ቆርጦት ነበር። ልጓሙ ሲሳብ ጉንጩ በሾለው ጥርስ ላይ ይጫናል፤ ዛቡ ሲያዝ ራሱን የሚወረውረው ከዚህ የተነሣ ነው።

አፉ ሲከፈት ዕድሜውም ተነገረ። የፈረስ ጥርስ በአምስት ዓመቱ ይሟላል። በታችኛው መንጋጋ ፊት ጥርሶች ላይ ያሉት ጉድጓዶች ከመካከል ወደ ዳር እየጠፉ በስምንት ዓመት ገደማ ያልቃሉ። በአሥር ዓመት ገደማ በላይኛው የዳር ፊት ጥርስ ላይ፣ ከድዱ ሥር፣ ጠቆር ያለ ቁልቁል መስመር ብቅ ይላል፤ በ15 ግማሽ ይደርሳል፣ በ20 እስከ ታች ይወርዳል። በዚህ ፈረስ ላይ መስመሩ ከጥርሱ ርዝመት ሲሶውን አልፏል። ከአሥር በኋላ በጥርስ የሚነገር ዕድሜ ግምት ቢሆንም፣ ስምንት እንዳልሆነ፣ ወደ 13 እንደሚጠጋ ግልጽ ነው። ሻጩ ከቀድሞው ባለቤት የሰሙትን ነበር የደገሙት። በእኛ ዓይን ይህ ለጀማሪ መጥፎ ዜና አይደለም፤ ብዙ ያየ የ13 ዓመት ፈረስ ገና ከሚማር የአምስት ዓመት ፈረስ ይልቅ ለመጀመሪያ ገዢ ይሻላል። ነገር ግን የጥርስ ክትትልና የቀሪ ዘመን ሒሳብ ስለሚለወጥ፣ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት መታወቅ ነበረበት።

መጨረሻ ላይ መኖው ተመዘነ። ለ430 ኪሎ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ደረቅ ግጦሽ ወይም ድርቆሽ ያስፈልጋል፤ ማለትም ከ6.5 እስከ 8.6 ኪሎ። የሚሰጠው 5 ነበር። በአንድ ጊዜ የሚቀርብለት 2 ኪሎ ገብስ ግማሽ ያህሉ ስታርች በመሆኑ ወደ 1 ኪሎ ስታርች ይዟል፤ በአንድ ምግብ ሊያልፍ የማይገባው ግን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ግራም፣ ለእሱ 430 ግራም ነው። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፣ ከ8 እስከ 15 ሊትር። የተረፈው ስታርች ሳይፈጭ ወደ ኋለኛው አንጀት ይወርድና እዚያ እየተብላላ አሲድ ይፈጥራል። ድርቆሹ ሲያንስ ደግሞ የማኘኩ ሰዓት ያጥራል፣ ምራቁም ይቀንሳል፣ ጨጓራውም ያቃጥለዋል። የደረቱ ዙሪያ በሦስት ሳምንት 3 ሳንቲ ሜትር ጨምሮ 179 ደርሷል፤ በስሌቱ 445 ኪሎ መሆኑ ነው። 15 ኪሎ ጨምሮ ሥራው ከስምንት እጅ ወደ አንድ የወረደ ፈረስ ጉልበቱን የት ያድርገው?

ለሻጩ ያልቀረበው ጥያቄ

ገዢዋ ለሻጩ ያቀረበቻቸው ጥያቄዎች «ይነክሳል? ይረግጣል? ይደነብራል?» የሚሉ ነበሩ። ለእነዚህ ሁሉ እውነተኛው መልስ «የለም» ነው። የጎደሉት ስለ ኑሮው የሚጠይቁት ናቸው። ትናንት ስንት ሰዓት ሠራ? በቀን ምን በልቶ ያድራል፣ በኪሎ ስንት? በየትኛው ኮርቻ ነው የሚጋለበው፣ ያንን ኮርቻ ልየው? ብቻውን፣ ያለ ሌላ ፈረስ፣ ከግቢ ወጥቶ ያውቃል? ሰኮናው መቼ ተስተካከለ፣ ጥርሱስ? ከሁሉ በላይ ግን፦ ሦስት ቀን ካረፈ በኋላ በአራተኛው ቀን ሲጋለብ እንዴት ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ በቃል ብቻ መመለስ የለበትም። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆኑ ፈረሱ ሦስት ቀን አርፎ፣ ገዢ በማለዳ፣ ሳይታጠብና ሳይጫን በፊት ደርሶ ማየት ይችላል። ከጋጥ ሲወጣ፣ ሲቦረሽ፣ ሰኮናው ሲነሣ፣ ጠፍሩ ሲጠብቅ ዓይንና ጆሮው ምን እንደሚሆን መታየት አለበት፤ እጅ በጠፍሩ መስመር ላይ ይለፍ፣ የደረቀ ጨው ካገኘ የቀጠሮው ቀን ይለወጥ። እነዚህ ጥያቄዎች በዚህ ጉዳይ ቢቀርቡ ግዢው አይቀርም ነበር። ሻጩ መልሳቸውን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ፈረሱ ተመላሽ ሊሆን ደርሶ ሲጠየቁም ያለ ማመንታት ነግረዋታል፣ የኮርቻቸውንም ልክ ሰጥተዋታል። ፈረሱ ሳይመለስ የቀረውም ከዚያ ንግግር በኋላ ነው።

ማስተካከያው

ግልቢያ ለ14 ቀን ቆመ። በምትኩ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ በእጅ እየተመራ ይራመዳል። ገብሱ በመጀመሪያው ቀን ከ4 ወደ 2 ኪሎ፣ በአራት ጊዜ ተከፋፍሎ ወረደ፤ በአምስተኛው ቀን ቀረ። እህልን ቶሎ መቀነስ አደጋ የለውም፤ ቶሎ መጨመር ነው የሆድ ቁርጠት የሚያመጣው። ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል የገባው ሁሉ የግድ በአንጀቱ ማለፍ አለበት። ድርቆሹ በአሥር ቀን ውስጥ ከ5 ወደ 6.5፣ ወደ 8፣ በመጨረሻ ወደ 9 ኪሎ አደገ፤ ድርቆሽ ራሱ ትንሽ እርጥበት ስላለው 9 ኪሎው ወደ 8 ኪሎ ደረቅ ይሆናል። በቀዳዳ መረብ ውስጥ ስለሚቀርብ ቀስ ብሎ ይበላል። የጨው ድንጋይ ተሰቀለ። ውኃው በባልዲ እየተለካ ሲሰጥ በቀን ከ25 እስከ 30 ሊትር ይጠጣ ነበር።

መለያ ጊዜው ሲያልቅ ሁለት ፈረሶች ካሉበት መስክ አጠገብ፣ በአጥር ተለይቶ ለአራት ቀን ተለቀቀ፤ ከዚያ አብረው ሆኑ። በስድስተኛው ቀን የጥርሱ ጠርዝ ተሞረደ፤ ጉንጩ እስኪድን ለአሥር ቀን ልጓም አልገባበትም። ሰኮናው ከተስተካከለ ስምንት ሳምንት አልፎት ነበርና በስምንተኛው ቀን ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲህ በየስድስት ሳምንቱ ይታያል።

ኮርቻውን ማስተካከል ዘገየ፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ገዢዋ መጀመሪያ በጠባቡ ኮርቻ ሥር ወፍራም ምንጣፍ ልትጨምር አስባ ነበር። ጠባብ ጫማ ላይ ሁለት ካልሲ መደረብ ማለት ነው፤ ጫናው ይብሳል። ኮርቻው ተሸጦ የሻጩን ልክ የያዘ ሰፊ ተገዛ፤ ላቡም እንደገና ተፈተሸ፣ ደረቅ ቦታ አልተገኘም።

በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ አሠልጣኟ ወጣችበት፦ 15 ደቂቃ በእርምጃ ብቻ፣ በአጥር ውስጥ። ከሁለት ቀን በኋላ ገዢዋ። ሶምሶማ የተጀመረው በአምስተኛው ሳምንት ነው፣ ደንገላሳ በስምንተኛው። የሳምንቱ ግልቢያ ወደ አምስት ቀን ከፍ አለ፤ ሁለቱን ቀን አሠልጣኟ ስለምትይዝ ገዢዋ ከአቅሟ በላይ አልተጫናትም።

በዘጠነኛው ሳምንት ሐኪሙ የግራውን ጀርባ ሲዳብስ ፈረሱ ድርቆሹን ማኘኩን አላቋረጠም። የደረቱ ዙሪያ ወደ 176 ተመልሷል። ጠፍሩ ሲጠብቅ አሁንም አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ሕመሙ ቢያልፍም ትዝታው አለ፣ ስለዚህ ጠፍሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ደረጃ ይጠብቃል፣ በየመካከሉ አሥር እርምጃ ይራመዳል። ብቻውን ከግቢ መውጣትን ገና አልለመደም። ከሌላ ፈረስ ጋር ሲሆን አይቸገርም፤ ብቻውን ሲሆን ከበሩ 200 ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ያያል። ገዢዋ እዚያ ስትደርስ ትወርዳለች፣ እየመራች 50 ሜትር ታሳልፈዋለች፣ እንደገና ወጥታ ሳትቸኩል ትመለሳለች። ባለፈው ሳምንት 350 ሜትር ደርሰዋል።